የጀሚላ ጥቁር ቀሚስ

ጨርቅ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። በቃ፣ በሽታ ነው። ሰው ቆሞ የልቡን ሲያጫውተኝ የእኔ ዐይን የሸሚዙ እጅጌ ላይ ነው፤ የት ጋ እንደላላ፣ የት ጋ ስፌቱ እንደጠመመ እያየሁ «እህ፣ እህ» እላለሁ። አንዲት ጓደኛዬ የእጮኛዋን ክዳት በእንባ ስትነግረኝ «የሻርፕሽን ጫፍ ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?» ብያት ይኸው እስከ ዛሬ አታናግረኝም። ምን ላድርግ? አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። እናቴን ምጥ የያዛት ነጠላ ስትቋጭ ነው አሉ፤ ቋጭታ ሳትጨርስም አልተነሣችም አሉ። ይህን የማወራው ወደ ኋላ የማደርገውን ስትሰሙ «ይቺ ሴትዮ ጤና የላትም» ከማለታችሁ በፊት፣ የዘር ነው ብላችሁ እንድታልፉኝ ነው።

የምሠራው ደማም ውስጥ አል ሻጢእ የሚባል ሰፈር፣ ከባሕሩ ብዙ በማይርቅ ቤት ነው። ልጆቹ አግብተው ወጥተዋል፤ የቀሩት ባባና ማዳም ብቻ ናቸው። ባባ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ዐረብኛ አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለው ሁለታችንም አንተ አንቺ ተባብለን እንኖራለን፤ እኔ እንኳ መጀመሪያ ላይ ትልቅ ሰው አንተ ማለት ከብዶኝ ዐረፍተ ነገሩን ያለ ሰው ለመጨረስ ስሞክር ምላሴ ይተሳሰር ነበር። ጡረታ የወጣ ወንድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ፍሪጁን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ወጥ ቤት ይገባና «ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። ጨው ነው። ይሄዳል። ጥቂት ቆይቶ ይመለስና ስለ በርበሬው ይጠይቃል። ማዳም ልታብድ ምንም አልቀራት።

ከዚያ ጀሚላ መጣች፤ ማዳምም ከአንዱ እብደት ወደ ሌላው ተዛወረች።

ጀሚላ ጀልባ ናት። ከክንድ ረዘም የምትል፣ በባትሪ የምትሄድ፣ ባሕር ዳር ቆመው በሪሞት የሚነዷት ትንሽ ጀልባ። ባባ ራሱ ነው የሠራት። ይጠርባታል፣ ይሞርዳታል፣ ይቀባታል፣ ደግሞ ፍቆ እንደገና ይቀባታል። እስከዚህ ድረስ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። ሙሽኪላው የተነሣው ስሟን ጎኗ ላይ በወርቃማ ቀለም የጻፈ ቀን ነው። ጀሚላ ማለት ቆንጂት ማለት ነው። የማዳም ስም ደግሞ ኑራ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ሚስቱ ኑራ ሆና ሳለ ጠዋት ማታ የሚደባብሳትን ነገር ጀሚላ ካለ፣ ቤቱ ውስጥ ሰላም ከየት ይመጣል? ማዳም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀልባዋን ጣውንቴ እያለች ነው የምትጠራት። «ጣውንቴን ከምግብ ጠረጴዛው ላይ አንሺልኝ።» «ጣውንቴ ዛሬም የእኔን ፎጣ ለብሳለች?» እኔ መሀል ቤት ሆኜ አንዷን አነሣለሁ፣ ሌላዋን አባብላለሁ።

የማዳም ታናሽ ወንድም አቡ ፈይሰል ጎረቤት ከተማ ኾባር ይኖራል። እሱም ጀልባ አለው፤ ቀይ፣ ፈጣን፣ ተገዝቶ የመጣ። በብርዱ ወራት ኮርኒሹ በሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲወዳደሩ ጀሚላ ከድንጋይ ተላትማ ሆዷ ተሰነጠቀ፣ አቡ ፈይሰል አሸነፈ። ማሸነፉ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እራት ተጋብዞ መጥቶ፣ እኔ ካብሳውን፣ ሩዙን ከነሥጋው ሳቀርብ ጀምሮ ፍራፍሬው እስኪነሣ ድረስ የድሉን ታሪክ አወራ፤ ሲጨርስ ከመጀመሪያው ጀመረ። ባባ ከዚያ በኋላ አኮረፈ። ኩርፊያ ስላችሁ የእኔና የእናንተን ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ስልክ አላነሣም አለ፣ ወረቀት አልፈርምም አለ፣ ኤሲ ሊጠግን የመጣውን ሰው ከበር መለሰው። እስከ ዒድ ድረስ እንዲህ ሆነን ከረምን።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልግባ። ታናሽ እህቴ ትርሲት ልታገባ ነው። ሠርጉ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። ትርሲትን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ ከቤት ብትወጣ ዕድሜ ልኬን የማይወጣልኝ ቁጭት ነው። ታዲያ እዚህ አገር ለዕረፍት ሄዶ ለመመለስ ኹሩጅ ዐውዳ የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱን የሚሰጠው ካፊል፣ አስመጥቶ የሚያሠራሽ ሰው ነው፤ የእኔ ካፊል ባባ ነው፤ ፈቃዱ ያለው ባባ ስልክ ውስጥ ነው። በጣቱ ጫፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ ቢያደርግ አለቀ። ለጁምዓ ደግሞ ሁለተኛ የጀልባ ውድድር ተቀጥሮ ነበርና ስጠይቀው «ከጁምዓው ውድድር በኋላ፣ ኢንሻአላህ» አለኝ።

እዚህ የኖረ ሰው የኢንሻአላህን ዓይነት ይለያል። ከልብ የሆነ አለ፤ ሰው ለመሸኘት የሚባል አለ፤ ዐይን ወደ ጣሪያ ወጥቶ የሚባልም አለ፣ እሱን ከሰማችሁ ሻንጣችሁን መልሳችሁ አልጋ ሥር ክተቱ። ባባ ያለኝ የትኛውን እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን ባየው ባየው አልገባኝ አለ። አንድ ነገር ግን ገባኝ፤ ጁምዓ ጀሚላ ከተሸነፈች ባባ ያኮርፋል፣ ባባ ካኮረፈ ስልክ አይነካም፣ ስልክ ካልነካ ትርሲት ያለ እኔ ትዳራለች። ስለዚህ በዚያ ሳምንት በደማም ከተማ የጀሚላን ጤና እንደ እኔ የተመኘ ሰው አልነበረም። ስጸልይ እንኳ «ትርሲትን አደራ፣ እናቴን አደራ» ብዬ ልጨርስ ስል «የጀልባዋንም ሆድ» እላለሁ።

ረቡዕ ዕለት እሽግ መጣ። ባባ የጀሚላን ሆድ የሚያጠነክርበት ካርቦን ፋይበር የሚባል ጥቁር ጨርቅና ሬዚን የሚባል እንደ ማር ወፈር ያለ ማጣበቂያ ከውጭ አስመጥቶ ነበር። ሬዚኑ ሁለት ጠርሙስ ነው፤ ከአንዱ ሁለት እጅ፣ ከሌላው አንድ እጅ ተቀላቅሎ ጨርቁ ላይ ሲቀባ ይደርቅና ብረት ይሆናል። ይህን ሁሉ ባባ ወጥ ቤት ቆሞ በደስታ አስረዳኝ። ከዚያ ጨርቁን እጄ ላይ አስቀምጦ፣ ነገ ከዙህር ሶላት በኋላ እንደምንሠራው ነግሮኝ ጥርሱን ሊታይ ወደ ሐኪም ሄደ።

ወገኖቼ፣ ጨርቁን ብታዩት። ክሩ የሚያብለጨልጭ ጥቁር፣ ድሩና ማጉ እኩል የተጠላለፈ፣ አንድም የሳተ የለ። አባቴ ቢያየው ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር። ብድግ አድርጌ ወደ ብርሃን ያዝኩት፣ አሸተትኩት፣ በጣቴ አሸሁት። ደረቅ ነው። ሻካራ ነው። ከሸማኔ እጅ የወጣ ጋቢ እንዲሁ ደረቅ ነው፤ ታጥቦ ነው ልብስ የሚሆነው። እኛ ቤት አዲስ ጨርቅ ሳይታጠብ መቀስ አይነካውም። ማንም እጠቢው አላለኝም፤ ይህን ሐቅ ለታሪክ አስመዘግባለሁ። ራሴው አስቤ፣ ራሴው ወስኜ፣ ጣሪያ ላይ ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ወጣሁ። ደግሞ ጠንቃቃ ነኝ እኮ! ነጭ ከነጭ፣ ጥቁር ከጥቁር ነው የማጥበው። አባያ የሚባሉት የማዳም ጥቁር ቀሚሶች ሊታጠቡ ተራ ይዘው ስለነበር አንድ ላይ ከተትኳቸው። ማለስለሻ ጨመርኩ፣ ባለ ጽጌረዳውን። እንዳይሻክር ብዬ ደግሜ ጨመርኩ።

ከማሽኑ ሳወጣው ጫፎቹ ተዘንጥለው ክራቸው ተንጠልጥሏል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይደነግጥ ነበር። እኔ ግን የተንጠለጠለ ክር ሳይ እጄ አያርፍም። ጣሪያው ላይ አሰጣሁት፣ ጠዋት ሲደርቅ በርጩማ ስቤ ቁጭ አልኩና ጫፉን ቋጨሁት። እያንዳንዷን ጥቅል አጠማዝዤ፣ ቋጠር አድርጌ፣ ልክ እንደ ነጠላ ጫፍ። ጣቶቼን ትንሽ በላኝ፤ ክንዴንም በላኝ፤ አንገቴንም። የደማም አቧራ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ተኮስኩት፣ አራት አጥፌ አስቀመጥኩት። ጠረኑ ክፍሉን ሞላው። በራሴ እጅግ ኮራሁ።

ከዙህር በኋላ ማዳም አባያዋን ለብሳ እህቷ ዘንድ ኾባር ሄደች። ባባ መኪናው ከበር እስኪወጣ በመስኮት ተመለከተና ጀሚላን አቅፎ ሽቅብ ወደ ጣሪያ ወጣ፤ ማዳም የሬዚን ሽታ ቤቷ እንዳይገባ ከልክላ ስለነበር ሥራው ሁሉ በድብቅ ነው። የታጠፈውን ጨርቅ በሁለት እጄ ዘርግቼ አቀረብኩለት። ባባ ጨርቁን አየ። ዘርፉን አየ። በርጩማው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ማን እንዳጠበው ጠየቀኝ፤ እኔ ነኝ አልኩ። በምን? በማለስለሻ። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው።

«ጠረኑ ጥሩ ነው» አለ።

ይሄኔ ነው ክው ያልኩት። ባባ ሲናደድ ይጮሃል፤ ሲያዝን ነው የሚያመሰግነው። ሌላ ለማስመጣት ሳምንታት ይፈጃል፣ ውድድሩ ደግሞ ነገ ነው። ማለስለሻው ሬዚኑን እንዳይዝ ያደርገዋል ብሎ አስረዳኝና፣ ማዳም የጥፍር ቀለም የምታስለቅቅበትን አሴቶን አምጪ አለኝ። ሙሉውን ጠርሙስ ጨርቁ ላይ አፈሰስነው። አሁን ጨርቁ ጽጌረዳም ጽጌረዳም፣ የሴቶች ፀጉር ቤትም የሚሸት ሆነ። ዘርፉን ቆርጦ ሊጥለው አስቦ ነበር፤ ሲለካው ግን እኔ ለመቋጨት ብዬ ብዙ ክር ስለፈታሁ ጨርቁ አጥሯል። ዘርፉ ከኋላ እንዲቀር ተስማማን። በዚህ መሀል የዐስር አዛን አለ፤ ባባ ምንም ነገር እንዳልነካ አስጠንቅቆኝ ወደ መስጊድ ወረደ።

ምንም ነገር አትንኪ። ለማን ነው የሚለው? ትርሲት ዐይኔ ላይ ናት፣ ጥፋቴ አንገቴን አስደፍቶኛል፣ ሰውዬው ሲመለስ አንድ ሥራ ተቃልሎ ቢያገኝ ምን አለበት? ጠርሙሶቹ እዚያው ናቸው። ከአንዱ ሁለት እጅ፣ ከሌላው አንድ እጅ። በትንሽ ኩባያ በትንሽ በትንሽ እንደሚቀላቅለው ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን በትንሽ በትንሽ ማቡካት የሰነፍ ሥራ መሰለኝ። ከወጥ ቤት ጎድጓዳውን ሳህንና የማዳምን ትልቅ ጭልፋ አመጣሁና አብዛኛውን ገለበጥኩት። አማሰልኩ፣ አማሰልኩ፣ ክንዴ እስኪዝል አማሰልኩ። የተቦካ ነገር ደግሞ ራቁቱን አይተዉትም፤ ፎጣ አለበስኩትና ሙቀት እንዳያጣ ፀሐዩ ዳር አኖርኩት።

ጥቂት ቆይቼ ፎጣው ሲጨስ አየሁ። መጀመሪያ ዐይኔን ተጠራጠርኩ። ገልጬ ሳይ ያ እንደ ማር የነበረው ነገር ይፈላል፣ ይጨሳል፣ ይንጣጣል፤ ሳህኑን ስነካው አቃጠለኝ። እሳት ያነደደ የለ፣ ምድጃ የለ፣ በራሱ ጊዜ ጉድ ፈላ። «በስመ አብ» ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ባባ ከመስጊድ ሲመለስ ጭሱን ከመንገድ አይቶ ኖሮ፣ ጡረታ የወጣ ሰው በዚያ ፍጥነት ደረጃ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። በውሃ አቀዘቀዝነው። ሲረጋጋ ሳህኑ አንድ ድፍን ድንጋይ ሆኗል፤ ጭልፋው መሀሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ባባ ጭልፋውን ይዞ ወደ ላይ ሲያነሣው ሳህኑም አብሮት ተነሣ።

«ጠንካራ ነው» አለ።

አሁንም አመሰገነኝ ማለት ነው።

ጠርሙሱ ሥር የቀረችው ሬዚን ለአንድ ዙር ብቻ የምትበቃ ነበረች። ጀሚላን ደፋናት፣ የተሰነጠቀ ሆዷን አጸዳን፣ ጨርቁን አለበስናት። ባባ በብሩሽ ይቀባል፤ እኔ በጓንት እጄ እየዳበስኩ አየሩን ከሥሩ አስወጣለሁ። እውነት ለመናገር አማረባት። ዘርፉ ከኋላዋ ወርዶ፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ግብዣ የምትሄድ ሴት መሰለች። ባባም ፊቱ ፈታ አለ፤ በሕይወቱ ብዙ ዓይነት ሥራ እንደሠራ፣ እንዲህ ግን ተስቆበት የተሠራ እንደሌለ ነገረኝ። ጨርቁ እስኪይዝ ድረስ ከአፍንጫዋ በኩል እንዳይነሣ በሁለት መዳፉ ጫን ብሎ መቀመጥ ነበረበት። ልክ መዳፉን እንዳሳረፈ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማን።

ማዳም ናት። መምጣት የነበረባት ማታ፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ ነው።

ስሜን እየጠራች ገባች፤ አጠራሯ ጤነኛ አልነበረም። ወረድኩ። ሳሎኑ መሀል ቆማ ጀርባዋን ከበሩ ጠርዝ ጋር ታሻለች። እህቷ ቤት ተቀምጣ ሳለ መላ አካላቷን በላት፤ እንግዶቹ ፊት አንገቷን አከከች፣ ክንዷን አከከች፣ መጨረሻ ላይ ሶፋው ላይ ጀርባዋን ስታሽ የእህቷ አማት አይታ፣ ተላላፊ በሽታ መስሏት ልጆቹን ሰበሰበች። እኔ አባያውን አየሁት። ጥቁር ከጥቁር። ያ የካርቦን ክር በማሽኑ ውስጥ ተሰባብሮ እንደ መርፌ አባያው ውስጥ ተሰክቷል። ልነግራት አፌን ስከፍት ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«እከኪልኝ» አለች።

በምን እጄ? ጓንቶቼ ላይ ሬዚን ነው፤ ከኋላዬ ደብቄያቸዋለሁ። ብነካት ከማዳም ጋር ተጣብቀን መቅረታችን ነው፤ ያኔ ደግሞ ኹሩጅ ዐውዳው ለሁለት ሰው ሊጠየቅ ነው። ዞር ብዬ ጓንቱን ብጎትተው እጄ ላይ ደርቋል። ከወጥ ቤት ማማሰያ አንሥቼ መጣሁና በማማሰያ አከክኋት። «ወደ ላይ። ወደ ግራ። እሰይ፣ እሱ ጋ» ትላለች። ከላይ ደግሞ የባባ ድምፅ በቀስታ «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አፍንጫዋ እየተነሣ ነው» ይላል። ማዳምን ለትንሽ ጊዜ ብዬ ሽቅብ እሮጣለሁ፣ የጀሚላን አፍንጫ እጫናለሁ፤ ከታች ስጠራ ቁልቁል እሮጣለሁ፣ የማዳምን ጀርባ አክካለሁ። አንዴ ግራ ገብቶኝ ጀሚላን በማማሰያ አከክኋት።

ማዳም ሽታው ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ጾም ነው፣ አልዋሽም፤ ማጣበቂያ ነው አልኳት። ምን ተሰብሮ ነው አለች። ዐይኔ ወደ ደረጃው ሄደ። ዐይኔን ተከትላ አየችና ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና ደረጃውን ጀመረች። ቀድሜ ልሮጥ ብል መንገዱ ጠባብ ነው።

ባባ በርጩማው ላይ፣ ጀሚላ ጭኑ ላይ፣ ሁለት እጁ ሆዷ ላይ፣ ዘርፉ ጉልበቱ ላይ ተዘርግቶ አገኘችው። ድንጋይ የሆነው ሳህን ጭልፋዋን አቁሞ አጠገቡ አለ። ባዶው የአሴቶን ጠርሙስም አለ። ማዳም ሁሉንም በየተራ አየቻቸው።

«የእኔ ጀርባ ይነድዳል፤ አንተ እዚህ ለሁለተኛ ሚስትህ ቀሚስ ታለብሳለህ» አለች።

ባባ እጁን ሊያነሣ አልቻለም፤ ቢያነሣ ጨርቁ ይነሣል። እዚያው እንደተቀመጠ፣ ትክክል ነሽ፣ ጀልባዋን እጥላታለሁ፣ ነገ ወንድምሽ ያሸንፍና ማታ እራት መጥቶ ያጫውተናል አላት። ብልጥ ሰው ነው። ማዳም ስለ ወንድሟ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ፤ ያቺን እራት አስታወሰች መሰለኝ። ጎንበስ ብላ የቋጨሁትን ዘርፍ በጣቷ ነካችውና ይህ ደግሞ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኛ አገር ነጠላ እንዲህ ነው የሚቋጨው አልኳት። ማዳም መሳቅ ጀመረች። ግድግዳ ተደግፋ፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ እያሸች፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ነገ እኔም መጥቼ አያለሁ ብላ ወረደች።

ጁምዓ ከዐስር ሶላት በኋላ ኮርኒሹ ላይ ወጣን። ነፋሱ ለስላሳ፣ ውሃው የተኛ ነበር። አቡ ፈይሰል ቀይ ጀልባውን እንደ ልጅ አቅፎ መጣና ጀሚላን ሲያያት የደረቀውን ዘርፍ ጠቁሞ መጥረጊያ ለምን እንዳሰርንባት ጠየቀ። ሰዎቹ ሳቁ። ባባ ጎንበስ ብሎ ጀሚላን ውሃው ላይ አኖራት። እኔ በሆዴ ስለት ያልተሳልኩለት ታቦት አልቀረም።

ተለቀቁ። ጀሚላ እንደ ተወረወረች ሄደች። ሬዚኗ ጠንክሯል፣ በሆዷ ውሃውን እየሰነጠቀች ቀዩን ጀልባ ጥላ ወጣች። እኔ ራሴን ረሳሁ፤ «በርቺ ጀሚላ፣ በርቺ የኔ እናት» እያልኩ በአማርኛ እጮሃለሁ፤ ማዳም ጣውንቷን በዐረብኛ «ያላ፣ ያላ» ትላለች። ትርሲትን በቬሎ አየኋት። ተሳፍሬ፣ ቦሌ ወርጄ፣ ሽሮ ሜዳ ድንኳኑ ውስጥ ገብቻለሁ። ጀሚላ ልትዞር ጎኗን ስትሰጥ ነው ጨርቁ ከአፍንጫዋ ላይ ጫፉን ያነሣው።

ማለስለሻው ነው። እኔ ደግሜ የጨመርኩት ማለስለሻ። መጀመሪያ በትንሹ ተነሣ፣ ከዚያ ውሃው ከሥሩ ገባበት፣ ከዚያ ቀሚሱ ሙሉ ለሙሉ ከሆዷ ወልቆ በኋላዋ ተንሳፈፈ። ጀሚላ ነጠላዋን እየጎተተች ጥቂት ሄደች። ዘመመች። ወርቃማው ስሟ ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ መታውና ሰጠመች። ቀዩ ጀልባ አልፏት ሄዶ ገባ።

አቡ ፈይሰል እየዘለለ ነው። ባባ ሪሞቱን እንደያዘ ውሃውን ያያል። ፊቱን አየሁት፤ ኩርፊያው ከሩቅ ሲመጣ ታየኝ። ያኔ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሠርጉ አመለጠኝ፣ በገዛ እጄ፣ በጽጌረዳ ማለስለሻ። ማዳም አጠገቤ መጥታ ለጀልባ እንዲህ ይለቀሳል ወይ አለችኝ። ለእህቴ ነው የማለቅሰው አልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ሠርጉን፣ ቀኑን፣ ከውድድሩ በኋላ የተባልኩትን። ማዳም ሠርግ እንዳለ እንኳ አልሰማችም ነበር። ባሏን ዞር ብላ አየችው። ምንም ሳትናገር ሄዳ ከኪሱ ስልኩን አወጣችና ሪሞቱን ተቀብላ ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጠች።

«አሁን» አለችው።

ባባ ስልኩን ያያል። ጣቱ አይንቀሳቀስም። እኔ ስለ መሸነፉ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቅ ስል ቀድሞኝ ተናገረ።

«ከሄድሽ የማትመለሺ መስሎኝ ነው ያዘገየሁት። ስንቶቹ ለሠርግ ሄደው ቀርተዋል። እዚያ ቤት ውስጥ ስለ ጀሚላ የሚያወራኝ ሰው ካንቺ በቀር የለኝም።»

ይህን ሁሉ ቀን ፊቱን ሳነብ የነበረው ጀሚላን ፈርቼ ነው፤ እሱ ለካ የፈራው እኔን ነው። ከጎኑ ቆምኩ።

«ባባ፣ እመለሳለሁ። የሚቀጥለውን ጨርቅ ደግሞ አላጥበውም» አልኩት።

ማዳም የሚቀጥል የሚባል ነገር የለም አለች። ባባ ግን በጢሙ ውስጥ ፈገግ ሲል አየሁት። ስልኩን ነካ፣ ነካ አደረገ። ማዳም በትከሻው ላይ ተንጠራርታ ቀኑን ስታይ አንድ ወር ይላል፤ ሁለት አድርገው፣ ረዳትህ ከሌለች ትንሽ እንኳ ጀልባ የማይሠራበት ጊዜ ላግኝ አለችው። ስልኬ ጮኸ። የፈቃዱን መልእክት አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት፣ ትርሲት ጋ ደወልኩ።

«መጣሁልሽ» አልኳት።

ትርሲት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ጀልባዋ አሸነፈች ወይ ብላ ነው። ሰጠመች አልኳት። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አልሰማችም፤ ስልኩን ይዛ ጮኸች፣ እናቴ ተቀበለቻት፣ ጎረቤቶቹ ሰምተው ተጨመሩ፣ ከሽሮ ሜዳ የተነሣው እልልታ ከስልኬ ወጥቶ ኮርኒሹን ሞላው። ማዳም ሰማች። እልልታ ሰምታ ዝም የምትል ሴት እዚህም የለችም፤ መዳፏን አፏ ላይ ጋረደችና የራሷን እልልታ አቀለጠችው፣ እኔም ሦስተኛ ሆንኩ። እዚያ ማዶ አቡ ፈይሰል ቀይ ጀልባውን ከፍ አድርጎ እንደያዘ ዞር አለ። እህቱ ናት፣ በእልልታ ላይ ናት፤ ለእሱ ድል መሰለው። ዐይኑ እንባ አቀረረ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣን።